ያልተደፈነ ስፌት

ልብስ ሰፊዋ በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ ስፌት ረስታ አታውቅም። ቀጠሮ ትረሳለች፣ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ጥዳ ትረሳለች፣ የገዛ ልደቷን እንኳ ሰው ነው የሚያስታውሳት፤ ስፌት ግን አይታሰብም። ስለዚህ ከሦስቱ የዝናብ ልብሶች የአንዱን ስፌት ሳትደፍን አጣጥፋ ስታስቀምጥ ረስታው አልነበረም። ነገሩን ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው፤ ቅናት ነው።

የዝናብ ልብስ ሲሰፋ መርፌ ባለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ይቀራል። ለዓይን አይታይም፣ ውሃ ግን ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ከውስጥ በኩል በቀጭን ብሩሽ ሙጫ እየተቀባ፣ ቀዳዳው አንድ በአንድ ይደፈናል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለአንድ ልብስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ልብስ ሰፊዋ የራሷን ደፈነች። የጓደኛዋን ሁለት ጊዜ ደፈነች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ብሩሹን አጥባ አስቀመጠችና ሱቋን ዘጋች። «ትንሽ ብትረጥብ አትሞትም» አለች ለራሷ።

ሦስተኛው የፊሽካ ነበር። ስሙን ያወጣችላት ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት፤ በልቧ እንጂ በአፏ ጠርታት አታውቅም። ፊሽካ የስፖርት አስተማሪ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። እግሯ ረጅም፣ ድምፅዋ ረጅም፣ ሳቋ ከሁሉም የረዘመ፤ ተራራ ስትመጣ እንኳ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የመጣችው። የጓደኛዋ የሐኪሟ የወንድም ሚስት ናት።

ሐኪሟ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው ያደጉት። ሁለቱ በየዓመቱ አንዲት ሳምንት ሱቅና ክሊኒካቸውን ዘግተው፣ ቦርሳቸውን አዝለው፣ ተራራ ለተራራ ይጓዛሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። በዚህ መሀል ባል መጥቷል፣ ባል ሄዷል፣ ልጆች አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ በዚያች ሳምንት ግን አንድም ሰው ገብቶ አያውቅም። ዘንድሮ ሐኪሟ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ብቅ ብላ፣ «መርፌ፣ ዘንድሮ ሦስት ነን፤ ሦስት የዝናብ ልብስ ስፊልን» አለቻት። ስለ ዳቦ የምታወራ ነበር የምትመስለው። ልብስ ሰፊዋን መርፌ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ ሐኪሟ ብቻ ናት።

ሁለቱ የአካሄድ ሥርዓት ነበራቸው። ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ ሐኪሟ ከኋላ። ሐኪሟ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ አስከፍታ ስታይ ስለምትውል፣ ለማውራት የሚመቻት ጀርባ ነው። ፍቺዋን የተናገረችው ለልብስ ሰፊዋ ጀርባ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ያለቀሰችው ለዚያው ጀርባ ነው። ልብስ ሰፊዋ ዞራ አታይም፣ አትመክርም፤ «እህ» እያለች ትሄዳለች። ሌላ ሰው ይህን ቦታ ምንም ላይለው ይችላል። ለእሷ ግን በሕይወቷ ካላት ቦታ ሁሉ የሚበልጥባት እሱ ነበር። ዘንድሮ በዚያ ቦታ መሀል ሁለት ረጃጅም እግሮች ገቡበት። የልብስ ሰፊዋ ጀርባ ባዶውን ቀረ፤ ከኋላዋ የሚሰማት የሌሎች ሹክሹክታና ሳቅ ነው።

በዚያ ላይ «እርስዎ» የሚባል ጉድ አለ። ፊሽካ ሐኪሟን «አንቺ» ትላለች፣ ልብስ ሰፊዋን «እትዬ፣ እርስዎ»። ሁለቱ እኩያ ናቸው! በወር እንኳ ሐኪሟ ናት የምትበልጠው። ልጅቷ ለአክብሮት ብላ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን «እትዬ» የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር በር ተዘግቶባት ደጅ የቀረች ይመስላታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሁለቱን ቀን ጠብታ ዝናብ አላዩም፤ የዝናብ ልብሶቹም ከየቦርሳው አልወጡም። መጠለያው ደጃፍ ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ ስታወጣ «እህ» አለች። ከትናንት ቀትር ጀምሮ ከብዷታል። ምግቡ እየተበላ ሲሄድ ቦርሳ ይቀላል እንጂ መቼ ይከብዳል? ማርጀቴ ነው ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ ፊሽካ የራሷን ቦርሳ በአንድ እጇ አፈፍ አድርጋ ስታነሳ አየችና አንጀቷ አረረ።

«እትዬ፣ ልርዳዎት?» አለች ፊሽካ።

«ምን ሆኜ?»

«አይ፣ ከበድ ያለዎት መሰለኝ።»

«የኔ ቦርሳ ለኔ አይከብደኝም።»

ሐኪሟ የጫማዋን ክር እያሰረች ሳል ሳል አላት። ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዟት ሦስት ሳምንት ተኝታለች፤ ከዚያ ወዲህ ብርድ ሲነካት ያስላታል። ልብስ ሰፊዋ ውሃ ልትሰጣት ኮዳዋን ስትፈታ፣ ፊሽካ ቀድማ የራሷን ኮዳ ከፍታ አቀበለች። ሐኪሟ ጠጣች። ልብስ ሰፊዋ ኮዳዋን መልሳ አሰረች።

መንገዱ በድንጋይ መሀል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ፀሐይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስትበረታ ሹራብ አስወለቀቻቸው፣ ላብ በላብ አደረገቻቸው። ትናንት ቀትር ላይ ልብስ ሰፊዋ ለሐኪሟ የድሮ ወሬ አንስታባት፣ ሁለቱ በትምህርት ቤት ቋንቋቸው እየተናገሩ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር። ፊሽካ «ምንድነው እሱ? ንገሩኝ!» ስትል ልብስ ሰፊዋ፣ «ተይው፣ ብንነግርሽም አይገባሽም» ብላት ነበር። ደስ ብሏት ነበር ያን ጊዜ። ግን ደስታዋ ማታ ላይ አለቀ። ከምንጩ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ያወራሉ፤ እሷን ሲያዩ ዝም አሉ። እሷን ሲያዩ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዛሬ እሷን ሲያዩ ዝም የሚባልባት ሰው ሆነች። ይህንን እንደ ማስቲካ እያላመጠች ነው የምትወጣው።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ ዋጣቸው። አሁን ላብ ያጠመቀው ገላ በአንዴ ቀዘቀዘ።

«የዝናብ ልብሳችንን እንልበስ፤ ብርዱን ይመልስልናል» አለች ሐኪሟ።

ሦስቱም አውጥተው ለበሱ። ልብሶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ግራጫ ጨርቅ፣ ሰውንም ቦርሳንም አንድ ላይ የሚሸፍኑ፣ ልክ የማያሻቸው። ልዩነታቸው አንገት ላይ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከአንደኛ ደረጃ ዩኒፎርማቸው የተረፉ ሁለት ሰማያዊ ቁልፎች ነበሯት፤ አርባ ዓመት በቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አንዱን በራሷ ልብስ ላይ ሰፋች፣ አንዱን በሐኪሟ። ለፊሽካ ከሱቅ የገዛችውን ጥቁር ቁልፍ ሰፋችላት።

ጉሙ ሳሳ ሲል ዞር ብላ አየች። ሰማያዊው ቁልፍ ፊሽካ አንገት ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ጉሙ ነው ያሳሳተኝ ብላ ዓይኗን አሸች። አላሳሳታትም።

«ይሄ ልብስ የማን ነው?» አለች።

«ውይ፣ እኔ ነኝ ከቤት ሳንወጣ የቀየርኩት» አለች ሐኪሟ። «ባለ ሰማያዊውን እሷ ትልበሰው ብዬ ነው። ጥቁሩን ስታየው ቅር አላት፣ ባትናገርም። እንግዳ እንዳይሰማት።»

«ቁልፉ በጣም ያምራል እትዬ፤ አመሰግናለሁ» አለች ፊሽካ፣ በጣቷ እየነካካችው።

ልብስ ሰፊዋ ዞራ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች፤ እንደዚያን ጊዜ ፈጥና ሄዳ አታውቅም። ደሟ ፈልቷል። ለዓመታት ያስቀመጠችው ቁልፍ! የዩኒፎርሙን ቁልፍ አውልቃ ለማንም! ቦታዬን ሰጠች፣ ጀርባዬን ተወች፣ አሁን ደግሞ ልጅነቴን አውልቃ ለፊሽካ አለበሰቻት። ጥርሷን ነክሳ፣ ድንጋዩን በምርኩዟ እየወጋች፣ አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ እንደተቃጠለች ሄደች። ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያደነቁረው ለማወቅ ይህን አሥር ደቂቃ ማየት ይበቃል። ቁልፉን ብቻ ነበር የምታስበው።

ከዚያ እግሯ ቀጥ አለ።

ፊሽካ የሐኪሟን ልብስ ከለበሰች፣ ሐኪሟ የማንን ነው የለበሰችው?

ወደ ኋላ ዞረች። ሐኪሟ በጥቁሩ ቁልፍ አንገቷን ቆልፋ፣ እያስነጠሳት ትመጣለች። ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ከአንገት እስከ ጀርባ ሥር የሄደውን ስፌት ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች። በየጣቱ ስፋት ስምንት ቀዳዳ። አንዱም አልተደፈነም። የለበሰችው ደግሞ ሳንባዋ ገና ያልጠና ሰው ናት።

«ነይ የኔን ልበሺ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሐኪሟ አጠገቧ ስትደርስ። «ያንቺን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ቁልፉ… አንቺ ሰማያዊውን መልበስ አለብሽ።»

ሐኪሟ ሳቀች። «ትልቅ ሰው አይደለሽ እንዴ መርፌ? ለቁልፍ ብለሽ በዚህ ብርድ ልታስወልቂኝ ነው? ሂጂ ወደፊት!»

እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ፊሽካ ከኋላ ቆማ ታያለች። አፏን መልሳ ዘጋች። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሰማዩ አዘነላት መሰለኝ፣ ጉሙ ተገፈፈና ፀሐይ ወጣች። ልብሶቹን አወለቁ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ ተመለሰ። ዝናብ ላይመጣ ይችላል አለች። ባይመጣ፣ ዛሬ መጠለያው ስንደርስ ሙጫውን አውጥቼ፣ ማንም ሳያየኝ እደፍነዋለሁ፤ ማንም አያውቅም። ሙጫዋ በቆርቆሮ ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜም ይዛው ነው የምትጓዘው።

ዳቦና አይብ ሊበሉ ሲቀመጡ ሌላ ዘዴ መጣላት። ሐኪሟ ወደ ቁጥቋጦው ዞር ስትል፣ ልብሶቹን አጣጥፋለሁ ብላ ሰበሰበቻቸውና የራሷን በሐኪሟ ቦርሳ ክዳን ሥር ሸጎጠች፤ ያልተደፈነውን በራሷ። ሰማያዊ ለጥቁር ተለወጠ። ተገላገልኩ ብላ እጇን አራገፈች።

«እትዬ» አለች ፊሽካ፣ ዳቦዋን እያላመጠች። «ተሳስተዋል። ይሄ የእርስዎ ነው።» ተነሥታ፣ ሁለቱን አውጥታ፣ አቀያይራ፣ በየቦታው መለሰቻቸው። «ቁልፉን አይቼ ነው» አለች ፈገግ ብላ።

«ዓይንሽ አይጣል ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከቀትር በኋላ ተጓዦች «አንገቱ» የሚሉት ጠባብ ማለፊያ ላይ ወጡ። በግራም በቀኝም ገደል ነው፤ መጠለያው ከማለፊያው ማዶ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ይቀረዋል። ነፋሱ መጀመሪያ ኮፍያቸውን ወሰደ። ቀጥሎ በረዶ መጣ፣ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፣ ድንጋዩ ላይ እየነጠረ። ልብሶቻቸውን እየተጣደፉ ለበሱ። ሐኪሟ ጥቁሩን ቁልፍ ቆለፈች። በረዶው ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ወደ ዝናብ ተለወጠ። ጠብታ አልነበረም፤ የሚፈስስ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ በዚያን ቀን በኋላም፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት እጅግ ያፈረችው በተከታዮቹ ሃያ ደቂቃዎች ነው። ዝም ብላ ሄደች። ብነግራት ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ታውቃለች ትላለች፤ ካወቀች ደግሞ ጀርባዬን ድጋሚ አታናግረውም። ባልነግራት ትረጥባለች። ትንሽ ብትረጥብ አትሞትም። ያንኑ ቃል ደገመችው፤ አሁን ግን ቃሉ ሌላ ሰው ላይ ነው ያረፈው፣ ሊሞትም የሚችል ሰው ላይ።

ዞር ብላ አየች። በሐኪሟ ትከሻ ላይ ግራጫው ጨርቅ በስፌቱ መስመር ጠቁሯል። ውሃው መንገዱን አግኝቷል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሳሉ ከሆዷ ነው የሚወጣው። ፊሽካ ክንዷን ይዛታለች።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ጣለች። የራሷን የዝናብ ልብስ ገፍፋ በዝናቡ መሀል በሹራብ ቀረች።

«አውልቂው!» ብላ ጮኸች።

«አብደሻል እንዴ? ልበሺ!»

«አውልቂ አልኩሽ! ያስገባል! ውሃ ያስገባል!»

ሐኪሟ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ትከሻዋን ዳሰሰች። ጣቷ እርጥብ ሆኖ ወጣ። ጣቷን አየች፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን አየች። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች።

«መርፌ» አለች ሐኪሟ። ድምፅዋ የክሊኒክ ድምፅ ነበር። «አፍሽን ክፈቺ።»

«ስፌቱ አልተደፈነም።»

«ረሳሽው?»

ማምለጫው ይኸው ነበር። አንድ ቃል፤ «አዎ»። ሰው ሁሉ ይረሳል። ፊሽካም ለመርዳት ነው መሰለኝ ከጎን ገብታ፣ «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናላ፣ ሦስት ልብስ እኮ ነው» አለች። ልብስ ሰፊዋን ይህ ደግነት ከዝናቡ በላይ ዘለቃት።

«አልረሳሁም» አለች። «አውቄ ነው የተውኩት። ላንቺ አልነበረም። ለእሷ ነበር።»

ሐኪሟ ቁልፉን ፈታች፣ ልብሱን አወለቀች፣ የልብስ ሰፊዋን ተቀብላ ለበሰች። ሰማያዊውን ቁልፍ አንገቷ ላይ ቆለፈች። ፊሽካ የሐኪሟን ቦርሳ ከራሷ ቦርሳ ላይ ደረበችና ፊት ሆነች። ሐኪሟ ተከተለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ ቀረች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያልተደፈነውን ለብሳ ሄደች። ስፌቷ ልቅም ያለ ስለነበር ውሃውም በልክ ነው የገባው፤ መጀመሪያ በትከሻ፣ ቀጥሎ በአንገት፣ ቀጥሎ በጀርባ አከርካሪዋ ላይ ቁልቁል። እያንዳንዱን ቀዳዳ ታውቀዋለች። ፊት ለፊቷ ሁለቱ ባለ ሰማያዊ ቁልፉን ለብሰው ይሄዳሉ፤ እሷ ጥቁሩን። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ፊሽካ የሐኪሟን እጅ ይዛ ድንጋይ ስታሻግራት ባየች ቁጥር፣ ቅናቷ እንደገና ብድግ ይላል። ሰው በድሎም ይቀናል ለካ። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሄዱ።

መጠለያው አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉ ላይ የብረት ምድጃ፣ ዙሪያውን የእንጨት አልጋዎች፣ አንድ መስኮት። ሌላ ተጓዥ አልነበረም። ገና ሳይመሽ ነው የደረሱት። ፊሽካ እሳቱን አነደደች፣ ሐኪሟን ልብስ አስለውጣ በመኝታ ከረጢቷ ውስጥ አስገባቻት፣ የሞቀ ውሃ በኮዳ ሞልታ እግሯ ሥር አደረገችላት። ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆማ ውሃ ታንጠባጥባለች። ወደ ምድጃው የጠራት የለም፤ እሷም የምትጠራ ሰው ነኝ ብላ አላሰበችም።

ፊሽካ ጨርሳ ዞር አለች። አየቻት። መጥታ ከጀርባዋ ላይ ቦርሳውን አወረደች።

«ተይኝ፣ ራሴ…»

«ዝም በይ!» አለች ፊሽካ።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። «በይ» ነው ያለቻት፤ «ይበሉ» አይደለም።

ፊሽካ የቦርሳውን ክር ፈትታ ደረቅ ሹራቡን ወረወረችላት፣ ሱሪውን ወረወረችላት፣ ካልሲውን። ከዚያ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ ሰድዳ፣ ከቦርሳው ሥር የዳቦ ያህል ድንጋይ አውጥታ ወለሉ ላይ ዱብ አደረገችው።

«ይሄን ከትናንት ቀትር ጀምሮ ተሸክመሽዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ድንጋዩን አየችው። «ማን…»

«እኔ ነኛ! ‹ብንነግርሽም አይገባሽም› ያልሽኝ ጊዜ ነው የከተትኩልሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ አፍ አንቺን ነው የምሰማው! ቁምጣ ስጠግን፣ ‹መርፌ ብትሆን እንዲህ አትጠግነውም›። መጋረጃ ስሰቅል፣ ‹መርፌ ብታየው ትስቅብሻለች›። ባሌ ቤት የገባሁት እኔ፣ የሚወራው ስላንቺ! ገና ሳላይሽ ነው የሰለቸሽኝ።» እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ጠዋት ላወጣው ነበር። ‹የኔ ቦርሳ ለኔ አይከብደኝም› አልሽኝ። ተሸከሚዋ እንግዲህ አልኩ።»

ልብስ ሰፊዋ በዚህች ልጅ ላይ ስትቀና፣ ልጅቷ እሷ ላይ ስትቀና፤ አንዷ በመርፌ፣ አንዷ በድንጋይ። ልትስቅ ዳዳት፤ ወደ ሐኪሟ ስታይ ግን ሐኪሟ አልሳቀችም።

«ጨረሳችሁ?» አለች ሐኪሟ፣ ከከረጢቱ ውስጥ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ። «ነይ መርፌ። ቀይሪና እዚህ ቁጭ በይ።»

ልብስ ሰፊዋ ልብሷን ቀይራ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሳንባዬ ግማሹ ሄዷል» አለች ሐኪሟ። «ከክረምቱ ወዲህ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከፍ ያለ ቦታ አይሞከርም ብሎኛል። ዘንድሮም መምጣት አልነበረብኝም፤ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። አንቺ ደግሞ ብቻሽን እንደማትሄጂ አውቃለሁ። ሳምንቷን ሱቅሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ቁልፍ ስትቆጥሪ ልታሳልፊያት ነው። ስለዚህ አብራሽ የምትሄድ ሰው አመጣሁልሽ። ለኔ መሰለሽ ያመጣኋት?»

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ጊዜ ብዙ ነገር ማለት ነበረባት። ማቀፍ ነበረባት፣ ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት፣ ማልቀስም አንድ ነገር ነው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«እሷ ታውቃለች?»

«ሆስፒታል ያመላለሰችኝ እሷ ናት።»

«ቀድመሽ ለእሷ ነገርሻት?»

ሐኪሟ ጥቂት አየቻትና ሳቅ ፈነዳባት። «ኧረ ጉድ! እየሞትኩ ነው ብልሽ እንኳ ማን ቀድሞ ሰማ ነው የምትይኝ!» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ፊሽካ ሮጣ ቀና አደረገቻት። ሳሉ ሲያልፍላት ሐኪሟ የልብስ ሰፊዋን እጅ ፈልጋ ያዘች። እጇ ገና ቀዝቃዛ ነበር።

«ላንቺ መናገር አቃተኝ» አለች። «ለጀርባሽ ሁሉን ነግሬዋለሁ። ይሄን ግን ለጀርባ መንገር ነውር መሰለኝ። ፊትሽን እያየሁ ደግሞ አልችልም። ለዚያ ነው ሦስት ቀን ወደ ኋላ የቀረሁት።»

ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ ያለቀሰችው።

ሐኪሟ እንቅልፍ ወሰዳት። ልብስ ሰፊዋ የቆርቆሮ ብልቃጧን አውጥታ፣ ያልተደፈነውን ልብስ ገልብጣ በመስኮቱ ብርሃን ሥር ተቀመጠች። ውጪ ዝናቡ አባርቶ፣ ምንም እንዳላጠፋ ሁሉ ፀሐይ ወጥታለች። ፊሽካ ሳትጠየቅ ከወዲያ በኩል ጨርቁን ወጥራ ያዘችላት። ልብስ ሰፊዋ ብሩሹን ነክራ ከትከሻው ጀመረች።

«ወጠር አድርጊው። እንደሱ አይደለም፤ በአውራ ጣትሽ።»

«እንዲህ?»

«እህ።»

አንድ ትከሻ ጨረሱ። ፊሽካ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሷን ልብስ አየች።

«ሰማያዊውን ቁልፍ ልፍታልሽ?» አለች ቀስ ብላ። «ያንቺና የእሷ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ብሩሹን አቆመች። ልቧ «አዎ» አለ። ወዲያውኑ፣ ሳያፍር፣ «አዎ» ነው ያለው።

«ተይው» አለች። «እኔ የሰፋሁት ቁልፍ ሲፈታ ጨርቁን ይዞ ነው የሚመጣው። ከርሞ ዝናብ ያስገባብሻል።»

ቀጣዩን ቀዳዳ መድፈን ጀመረች።